ያልተነከሰው ዳቦ

ሊጡ ከገንዳው ገንፍሎ መሬት ላይ ፈሷል። ምድጃው ቀዝቅዟል። ዳቦ ጋጋሪው ሶቢር የለም።

እናቱ ሮቢያ የወለደች ሴት ልጃቸውን አርሰው ከማርጊላን ከተማ ሲመለሱ ያገኙት ይህን ነው። ደጃፉ ላይ ደግሞ የሰፈሩ ሊቀመንበር ኒሾን ቆመው ይጠብቋቸዋል። ትልቅ ትንሹ «ኒሾን አካ» ይላቸዋል፤ ታላቅ ወንድም እንደማለት ነው። ረጅም ሰው ናቸው። በዚያ ሰፈር ጎንበስ ሳይሉ የሚገቡበት በር የለም።

«እህቴ ሮቢያ፣ አይደንግጡ» አሉ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው። «ሶቢር ሩሲያ ሄደ። ሥራ ተገኘለትና በችኮላ ተነሣ። ለእናቴ ንገሩልኝ ብሎኛል።»

ሮቢያ ከበሩ በላይ ያለችውን ሚስማር ቀና ብለው አዩ። ባዶ ናት።

«ሳይነክስ?» አሉ።

ፖሊስ ጣቢያም ሄደው የተናገሩት ይህንኑ ነው። ልጄ ሳይነክስ አይሄድም።

መርማሪዋ ሙቃደስ ማብራሪያ አልጠየቀችም። የዚያ አገር ልጅ ናት። መንገደኛ ከቤቱ ሲወጣ ከዳቦው አንድ ጊዜ ይነክሳል፤ የቀረው ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ይጠብቀዋል። ወታደር የሄደም፣ ሞስኮ ፎቅ ሊገነባ የሄደም፣ ሲመለስ የራሱን ዳቦ ራሱ ይጨርሳል። የእሷም ወንድም ዳቦ እናቷ ቤት ተሰቅሏል።

«አንድ ጊዜ ብቻ ሳይነክስ ወጥቷል» አሉ ሮቢያ። «በድሮው ጊዜ። ለሱብሂ፣ ለንጋት ሶላት፣ መስጊድ የታየ ሁሉ በሚታፈስበት ዘመን። ሲወስዱት ጫማ እንኳ አላስደረጉትም። ልጅ ሆኖ ሄዶ ሽበት ይዞ መጣ። ከዚያ ወዲህ ፈርጋና ከተማ ጥርሱን ሊታከም ሲሄድ እንኳ አስነክሰዋለሁ። ይስቅብኛል። ግን ይነክሳል።»

ሙቃደስ ብዕሯን አስቀምጣ አዳመጠች። ሰው ሲናገር ማቋረጥ አትወድም። በዚህ የተነሣ ባልደረቦቿ እንቅልፋም ይሏታል።

ሮቢያ ቀጠሉ። በመንገዱ ያለው ቤት በሙሉ ሊፈርስ ነው። በቦታው ትልቅ አዲስ ገበያ ይሠራል። ጎረቤቱ ሁሉ ተስማምቻለሁ ብሎ ፈርሟል፤ ሶቢር ብቻ እምቢ አለ። ዓርብ ከዋና ከተማው ከታሽከንት አጣሪ ኮሚሽን ይመጣል ሲባል ደግሞ፣ «ቆሜ እናገራለሁ» ብሎ ነበር። ለማንም አልደበቀም።

አለቃዋ ኮሎኔል ካሚል ጉዳዩን ሲሰማ ከት ብሎ ሳቀ።

«ያልተነከሰ ዳቦ! ይህን ነው ለዓቃቤ ሕግ የምልክልሽ?»

«የጠፋ ሰው ነው ጌታዬ።»

«ሩሲያ ነዋ ያለው። የዚህ ከተማ ወንድ ግማሹ ሩሲያ ነው። ስሚኝ፣ ሙቃደስ፤ አገሩ ተለውጧል። ዶላር በባንክ መስኮት እየተመነዘረ ነው። ባለሀብት እየገባ ነው። ድሮ ነው እንጂ ሰው የሚጠፋው፣ አሁን አይጠፋም።»

«ካልጠፋማ ለማግኘት አይከብደኝም።»

ኮሎኔሉ ሳቁን ሰበሰበ። «ኮሚሽኑ ሳይደርስ ዝጊው።»

«ኮሚሽኑ ሳይደርስ አገኘዋለሁ» አለችና ሰላምታ ሰጥታ ወጣች።

የሶቢር ግቢ ተጠርጓል። መጀመሪያ ዓይኗ ያረፈው እዚያ ላይ ነው። ሊጡ ፈስሶ ደርቋል፣ ዱቄቱ ሳይከደን ቀርቷል፣ መሬቱ ግን ንጹሕ ነው።

«ኾላ፣ እርስዎ ነዎት የጠረጉት?» አለቻቸው፤ በእናት እህት ወግ እየጠራች።

«እጄ መች ታዘዘልኝ፣ ልጄ።»

«ሶቢርስ?»

«እሱ መጥረጊያ ከያዘማ በረዶ ይጥላል።»

ሊጥ አቡክቶ ጥሎ የሚሄድ ጋጋሪ የለም። ሊጡን ጥሎ ግቢ የሚጠርግማ ከቶ የለም። ሙቃደስ ዙሪያውን ዞረች። ምድጃውን አየች። መሬቱን አየች። ምንም የለም። ከዚያ ቀና አለች።

ከወይኑ ሐረግ በላይ፣ ጣሪያው ሥር ባለው አግዳሚ ላይ፣ ዳቦዎች ተደርድረዋል።

ሮቢያ አጠገቧ መጡ። «ምን ሆኖ ነው እዚያ የወጣው? እኔ እዚያ አልደርስ። ሶቢርም ከኔ አይረዝምም።»

ሙቃደስ በርጩማ ላይ ወጣች። አልደረሰችም። ጠረጴዛ ጎትታ ወጣችና ዳቦዎቹን አንድ በአንድ አወረደች። ደርቀዋል። በጋጋሪ ማኅተም የተወጋው መሐል ጉድጓዳቸው ውስጥ አፈር ገብቷል። አንደኛው ላይ የጫማ ተረከዝ በግልጽ ታትሟል።

ሮቢያ አፋቸውን በሻሻቸው ጫፍ ሸፈኑ። ከዚያ በሹክሹክታ፣ «እነሱ ናቸው?» አሉ።

እነሱ፣ ያኔ ሶቢርን ያለ ጫማ የወሰዱት፣ እነማን እንደሆኑ በዚያ አገር ማንም አይጠይቅም።

«እነሱስ አይደሉም» አለች ሙቃደስ። «እነሱ ቢሆኑ አይጠርጉም። ሰው ሁሉ ያፈራረሱትን እንዲያይላቸው ነው የሚፈልጉት።»

ትግል ነበር። ዳቦ ወደቀ፣ ተረገጠ። ያደረገው ሰው ግቢውን ጠርጎ ምልክቱን አጠፋ። ዳቦውን ግን መጣል አቃተው፤ እግር እንዳይረግጠው ከፍ አድርጎ አኖረው።

በዚያው ቀን ከሰዓት ሙቃደስ ወደ ግንባታው ቦታ ሄደች። አሠሪው ግሪጎሪ የሚባል ሩሲያዊ ነው። ሰው ሁሉ የሚጠረጥረው እሱን ነው። ሶቢርን በአደባባይ «በማሽኔ ጥርስ ነው የማነሣህ» ብሎታል።

ግሪጎሪ ምሳ እየበላ ነበር። ዳቦውን በፊቱ ደፍቶ፣ ጀርባው ላይ ቋሊማ ይቆርጣል።

«ብያለሁ» አለ እያኘከ። «ለሚስቴም እንዲሁ እላታለሁ። እስካሁን አላነሣኋትም። ብፈልግም አልችልም፣ ከኔ ትከብዳለች።»

«ጠባቂዎችህስ?»

«ጠባቂዎቼ ሲሚንቶ እንዳይሰረቅ ይጠብቃሉ፣ እሱም ይሰረቃል። መርማሪዬ፣ እኔ ለምን ሰው እሰርቃለሁ? መሬቱን ባዶ አድርገን እናስረክብሃለን ብላችሁ የፈረማችሁ እናንተው ናችሁ። ቢዘገይ የሚጠየቀው ያ የናንተ ሰው ነው።»

«የቱ የኛ ሰው?»

«ሁሉንም አስፈርማለሁ ያለው። ረጅሙ።»

ሙቃደስ ሳታስበው እጇን ዘርግታ የተደፋውን ዳቦ ፊቱን ወደ ላይ ገልብጣ አስቀመጠችው። ግሪጎሪ አያት።

«ሁላችሁም እንዲህ ታደርጋላችሁ» አለና ሳቀ። «አሥር ዓመት እዚህ ኖሬ አልገባኝም።»

እሷ ግን ገባት። ይህ ሰው የወደቀ ዳቦ ቢያይ ተራምዶት ያልፋል። ያንን ዳቦ ያነሣው የዚህ አፈር ልጅ ነው። ጠረጴዛ ሳይፈልግ አግዳሚው ላይ የሚደርስ ነው።

ኒሾን አካ ከከሰዓት በኋላው ሶላት ሲመለሱ መርማሪዋን ቢሯቸው ውስጥ አገኟት። ሻይ ቀዱላት። በወጉ ከግማሽ በታች፣ ቶሎ ቶሎ እንዲቀዱላት።

«ኒሾን አካ፣ ሶቢር በምን ሄደ?»

«በአውቶቡስ።»

«እርስዎ ሸኙት?»

«መንገድ ላይ አገኘሁት እንጂ። ሻንጣ ይዟል። ተሰናብቶኝ ሄደ።»

«ሊጡንስ?»

«ምኑን?»

«አቡክቶ የተወውን ሊጥ። ስለሱ ምንም አላለም?»

«ችኩል ነው። ሥራ ሲገኝ ማን ሊጥ ያስታውሳል?»

«እናቱን ሳይሰናበትስ?»

«ደውሎላቸው ይሆናል።»

«አልደወለም። ስልኩ ተዘግቷል።»

«ሩሲያ ሲገቡ ቁጥር ይቀይራሉ።» መልሱ ሁሉ ዝግጁ ነበር። ሙቃደስ ሻይዋን ጨለጠች። ሁለተኛ ተቀዳላት። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አንድ ነገር ብቻ አሳዝኖኛል። እርስዎን ያህል አባት ባለበት ሰፈር ይህ መሆኑ። ሶቢር ቤት አንድ አላህን የማይፈራ ገብቶ ዳቦ ጣሪያ ላይ ወርውሯል። እንደ ድንጋይ! ዳቦ መጫወቻ ያደረገ ባለጌ እዚህ ሰፈር ውስጥ አለ።»

የሽማግሌው ፊት ቀላ።

«ማን ወረወረ?»

«እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። ጣሪያ ሥር ተወርውሮ።»

«አልተወረወረም! መሬት ላይ እየተረገጠ ልተወው ኖሯል? አንድ በአንድ አንሥቼ፣ አፈሩን እፍ ብዬ፣ ግንባሬን አስነክቼ ነው ያኖርኩት!»

የሻይ ማንቆርቆሪያው ላይ የነበረው የኒሾን አካ እጅ እዚያው ቀረ። ሙቃደስ ጠበቀች።

«አልገደልኩትም» አሉ በመጨረሻ። «አላህ ምስክሬ ነው፣ በሕይወት አለ።»

«የት?»

«ኮረብታው ጀርባ። የአእምሮ ሕክምና ቤት። እብድ ነው፣ ሰፈሩን አስቸግሯል ብዬ በሊቀመንበርነቴ አመለከትኩ። የከተማው ምክትል አስተዳዳሪ ለሐኪሙ ደወለለት። አስታማሚዎቹ ሊወስዱት ሲመጡ ታገላቸው፣ ዳቦው የዚያን ጊዜ ነው የወደቀው። ግቢውንም እኔ ጠረግሁት። ኮሚሽኑ እስኪሄድ ብቻ ነበር።»

«ለምን?»

«ሁሉም ከፈረመ በገበያው መግቢያ ላይ ሱቅ ይሰጥሃል ተብያለሁ። እሱ ብቻ ቀረ።»

«ለሱቅ ብቻ ሰው እብድ አይደረግም፣ ኒሾን አካ።»

ሽማግሌው አጎነበሱ። በዚያ ክፍል ውስጥ የሚያስጎነብስ በር አልነበረም።

«ስለ ቤቱ ብቻ ሊናገር አልነበረም። ያኔ መስጊድ የሚሄዱትን ልጆች ስም ለነሱ ማን እንደሰጠ ጭምር ሊናገር ነበር።»

«ማን ሰጠ?»

«ያኔ ሁሉም ይሰጥ ነበር። ካልሰጠህ ያንተን ይሰጡታል።»

«ማን ሰጠ፣ አካ?»

«እኔ።» ዓይናቸውን ጨፈኑ። «አሁን መፍራት ቀረ ሲባል እኔም መስጊድ መሄድ ጀመርኩ። እሱ ሁልጊዜ ከጎኔ ይቆማል። ሶላት ሲያልቅ ለሰላምታ ፊቱን ወደኔ ያዞርና ያየኛል። ምንም አይለኝም። አይሰድበኝም። ያየኛል ብቻ። በየቀኑ።»

ሙቃደስ ተነሣች። «ይነሡ። አብረን እንሄዳለን።»

«አሁን?»

«ኮሎኔሉ ሳይሰማ።»

ሐኪሙ መጀመሪያ እንዲህ የሚባል ሰው የለንም አለ። ሙቃደስ ኒሾንን ወደፊት ገፋ አደረገቻቸው። «እብድ ነው ብለው ያመለከቱት እኚህ ናቸው። ይንገሩህ።» ሽማግሌው፣ «ዋሽቻለሁ። ጤነኛ ነው» አሉ። ድምፃቸው አይሰማም ነበር። «ጮክ ብለው» አለቻቸው። ጮክ ብለው ደገሙት። በኮሪደሩ ያሉ ሕሙማን ዘወር ብለው አዩአቸው። ሐኪሙ ቁልፉን አነሣ።

ሶቢር በሌላ ሰው ስም ተመዝግቦ፣ በመርፌ ደንዝዞ ተኝቶ ነበር። ምላሱ ተሳስሯል። ሙቃደስን አየ፣ ደንብ ልብሷን አየ፣ ከኋላዋ የቆሙትን ሽማግሌ አየ። ከዚያ አንድ ነገር አጉተመተመ። ጎንበስ ብላ ሰማችው።

«ሊጡስ?» ነው ያለው።

ዓርብ ኮሚሽኑ መጣ። ሶቢር በእናቱ ተደግፎ፣ እየተንተባተበ፣ ቆሞ ተናገረ። ማንም አላቋረጠውም። ኒሾን ተከሰሱ። ሐኪሙ ታገደ። ምክትል አስተዳዳሪው በጤና ምክንያት ዕረፍት ወጣ ተባለ፤ የት እንዳረፈ የሚያውቅ የለም። የገበያው ነገር «እንደገና ይታያል» ተባለ። ምን ማለት እንደሆነ ያስረዳ የለም፤ ማሽኖቹም ከቦታቸው አልተነሡም።

ሙቃደስም ዕድገት አገኘች። ከባሕሩ የቀረው ጨውና አሸዋ ብቻ በሆነበት በአራል ዳርቻ፣ አውሎ ነፋስ የማይለየው ጣቢያ ላይ።

«ደስ ይበልሽ እንጂ» አለ ኮሎኔል ካሚል፣ ዓይን ዓይኗን ሳያይ።

«ደስ ብሎኛል» አለችው። «እዚያም የሚጠፋ ሰው ይኖራል።»

በምትሄድበት ጠዋት ሻንጣዋን ይዛ ሮቢያ ዘንድ ጎራ አለች። ምድጃው እየነደደ ነው። ሶቢር ፊቱ ገና አልቀላም፤ እጁ ግን ሊጡን ያውቀዋል። አንድ ዳቦ አውጥቶ በሁለት እጁ ለእናቱ ሰጠ። ሮቢያ ዳቦውን ይዘው በሩ ላይ ቆሙ።

«ንከሺ» አሉ።

«ኾላ፣ እኔ እኮ የዚህ ቤት ልጅ አይደለሁም።»

«ንከሺ ነው የምልሽ። አውቶቡሱ አይጠብቅሽም።»

ሙቃደስ ቢስሚላህ ብላ ነከሰች። ትኩስ ነው፣ ምላሷን አቃጠላት። ሶቢር በርጩማ ላይ ወጥቶ የተነከሰውን ዳቦ ከበሩ በላይ ባለችው ሚስማር ላይ ሰቀለው።

ከመንገዱ ጫፍ የማሽን ድምፅ ተሰማ። ግድግዳ አፍራሹ ነው። ሙቃደስ ሻንጣዋን አንሥታ ወጣች። ማሽኑ በአጠገቧ አልፎ ሶቢር በር ላይ ቆመ። የሚነዳው የዚያው አገር ልጅ ነው። አንገቱን አውጥቶ ሚስማሩን አየ።

«የማን ነው?» ሲል ሰማችው።

«የመንገደኛ» አሉ ሮቢያ። «እስክትመለስ ነው።»

ሙቃደስ ዘወር አላለችም። ወደ አውቶቡሱ መራመዷን ቀጠለች። ከኋላዋ ሞተሩ ጠፋ።