በፈላው ውሃ ውስጥ የተገኘችው ትል

ኬሚስቱ አምብሮስ ፔቲፈር ለንደን ውስጥ በተከራየው ክፍል ሞቶ የተገኘው ማክሰኞ ጠዋት ነበር። ዐይኖቹ ጎድጉደዋል፤ ጣቶቹ ተጨማድደዋል። ሐኪሙ ከደጃፍ ሳያልፍ «ኮሌራ ነው» ብሎ ሄደ።

ኢንስፔክተር ሳይላስ ዌክሊን ግን የውጭውን በር ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

«ነገሩ ሳይጣራ ማንም አይወጣም።»

በሽታ እንዳይገባ መስኮቶቹ ሁሉ ተጠርቅመዋል። በጠባቧ ሳሎን ሦስት ሰዎች በላብ ተጠምቀዋል፦ አከራይዋ ሚስስ ክረል፣ የሟቹ እህት ዶርካስና እዚያው የሚኖረው የውሃ ኩባንያ መሐንዲስ ላርካም።

«ከሬሳ ጋር ቆልፈውብን ሊጨርሱን ነው?» አለች ሚስስ ክረል።

«ወንድሜ ያልፈላ ውሃ በአፉ አይዞርም» አለች ዶርካስ። «የጓሮውን ጉድጓድ ውሃ ራሴ ነኝ የማፈላለት። የኩባንያው ውሃ ሰው እየፈጀ መሆኑን ሐሙስ ሊመሰክር ነበር።»

«ወሬ ነው! ውሃችን ንጹሕ ነው!» አለ ላርካም።

«ንጹሕ?» ሚስስ ክረል ዞረችበት። «ባለፈው ወር ከቧንቧህ ዓሣ አላወጣሁም? ለዚያ አይደል የቤቱን ቧንቧ ዘግተህ መክፈቻውን የወሰድከው?»

ዌክሊን የሟቹን ጆግ ወደ ብርሃን አንሥቶ አየ። ጓሮ ወጣ፤ ማዕድ ቤት ቆየ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሦስት ብርጭቆ ውሃ ይዞ መጣ።

«ሟቹ ከጠጣበት ጆግ የተቀዳ ነው። ጠጡ።»

ዶርካስ ጨለጠችው። ሚስስ ክረልም ጠጣች። ላርካም ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ መልሶ አስቀመጠ።

«አልጠማኝም።»

«በዚህ ሙቀት? እነሱ የፈላ ውሃ መስሏቸው ጠጡ። እርስዎ ግን ጆጉ ውስጥ ያለውን ያውቃሉ። አንዲት ትል እየዋኘችበት ነው። የፈላ ውሃ ውስጥ በሕይወት የሚዋኝ ነገር የለም፤ ስለዚህ አንድ ሰው የፈላውን ደፍቶ ሌላ ሞልቶበታል። የጉድጓዱን ውሃ አየሁት፣ ጥርት ያለ ነው። ትሏ የመጣችው ከወንዝ ነው። ኩባንያዎ የሚያሰራጨው የወንዝ ውሃ እዚህ ቤት የሚገባው ደግሞ በተዘጋው ቧንቧ ብቻ ነው፤ መክፈቻውም እርስዎ ጋ ነው።»

«እኛስ? ጠጣን እኮ!» ሚስስ ክረል ጉሮሮዋን ያዘች።

«እናንተ የጠጣችሁት ከጆጉ አይደለም፤ አሁን ያፈላሁትን የጉድጓድ ውሃ ነው።»

ላርካም ወደ በሩ ሮጠ። መያዣውን ነቀነቀው፤ አልከፈት አለው። ግንባሩን በሩ ላይ ደገፈ።

«ቢመሰክር ኩባንያው ይዘጋ ነበር» አለ።

«እና ሠፈሩስ?» ዶርካስ ድምጿ ተሰነጠቀ። «ዛሬ ጠዋት ስንት ቤት ቀዳው?»

ዌክሊን የላርካምን እጅ አስሮ በሩን ከፈተ። ማዶ፣ መንገድ ዳር ካለው የኩባንያው ቧንቧ ፊት ሴቶች ባልዲ ይዘው ተሰልፈዋል። ዶርካስ በባዶ ራሷ ወደ እነሱ በረረች።

«አትቅዱ! ስለ እግዚአብሔር፣ አትቅዱ!»