አሥራ አንድ ተራራ፣ አሥራ አንድ ጥንዚዛ

የጥንዚዛ ተመራማሪው ፕሮፌሰር ኦርቪል ፔንላንድ ከሙዚየሙ ጀርባ፣ ከብረቱ ደረጃ ግርጌ ራሱ ተሰንጥቆ ተገኘ። መርማሪ ቨርና ቲግ ስትደርስ ሸሪፉ ነገሩን ጨርሶታል። ፔንላንድን ተራራ ለተራራ ይመራ የነበረው ሃርላን ባክነር በካቴና ታስሮ መኪና ውስጥ ተቀምጧል።

«እዚህ አልሞተም» አለ ሸሪፉ። «ተራራው ላይ ገድሎት እዚህ አምጥቶ ጣለው። ከኮሌታው ስር ጥንዚዛ አግኝተናል። የሙዚየሙ የጥንዚዛ አዋቂ ዶክተር ናዲን ኦር ገና ስታየው የግሬር ተራራ ነው አለች። አይበርም፤ ከዚያ ተራራ በቀር የትም አይኖርም።»

ቨርና የመጣችው ከሌላ ሬሳ ነው። እንቅልፍ አልጠገበችም። ሰው ቶሎ እርግጠኛ ሲሆን ደግሞ ይብሱን ይደክማታል። የመኪናውን መስኮት ተደገፈች።

«ትናንት ግሬር ወስደኸው ነበር?»

«ተቀጣጥረን ነበር፣ እሜቴ። ጠብቄ ጠብቄ ሲቀርብኝ ወረድኩ።»

«ተጣልታችኋል ይባላል።»

«ኮረብታውን እንደ አሳማ ሲቆፍረው ልመርቀው ኖሯል?» ካቴናውን አየ። «ሸሪፉ ዛሬውኑ ወህኒ ትገባለህ ብሎኛል። ቤት የተኛች ሚስት አለችኝ። ከአልጋ የሚያነሳት ሌላ ሰው የለም።»

ሙዚየሙ ውስጥ፣ የደረቁ ጥንዚዛዎች በተደረደሩባቸው መሳቢያዎች መካከል፣ ናዲን እና የክምችቱ ኃላፊ ዌልደን ፉት ተቀምጠዋል።

«ለማያውቅ ሰው አስረጂኝ» አለች ቨርና።

«ወገኑ አንድ ነው» አለች ናዲን። «የክንፍ ሽፋናቸው አጭር፣ ሆዳቸው ራቁቱን የቀረ፣ እርጥብ ቅጠል ስር የሚኖሩ። ስለማይበሩ በየተራራው ተነጥለው አሥራ አንድ ዝርያ ሆነዋል። የለየኋቸው እኔ ነኝ።»

«በምን ይለያሉ?»

«በመልክማ የወለደቻቸውም አትለያቸው። የወንዱን ጭራ ቆርጠን፣ ብልቱን አውጥተን በማይክሮስኮፕ እናያለን። ሌላ መንገድ የለም።»

«ፔንላንድም እንደዚያ ያምን ነበር?»

«ኦርቪል?» አለ ዌልደን። «ሁሉም አንድ ዝርያ ናቸው ባይ ነበር እንጂ። ሊያሳትመው ነበር። የናዲን የሃያ ዓመት ሥራ ባንድ ጽሑፍ ሊሰረዝ።»

«አንተ ዝም ብትል ትፈነዳለህ?» አለችው ናዲን።

ቨርና ከሸሪፉ የተቀበለችውን ጥንዚዛ ማይክሮስኮፕ ስር አድርጋ አጎነበሰች። ቆየች። ከዚያ ሸሪፉን ሃርላንን ይዞ እንዲገባ አስጠራችው።

«ይህ ጥንዚዛ ጭራው ተቆርጧል» አለች ሁሉም ሲቆሙ። «ሆዱ ስር ደግሞ የደረቀ ሙጫ አለ።»

«እኛ ነን በሙጫ ካርቶን ላይ የምንለጥፋቸው» አለ ዌልደን ቀስ ብሎ።

«ስለዚህ ከተራራ አልመጣም። ከእነዚህ መሳቢያዎች ወጥቶ፣ ከካርቶኑ እንዲላቀቅ በውሃ ርሶ፣ የሞተ ሰው ኮሌታ ስር የገባ ነው። ሃርላን አልዋሸም፤ ፔንላንድ ግሬር አልወጣም። የሞተው እዚሁ ደረጃ ላይ ነው።»

«መሳቢያውን ሁለቱም ይከፍታሉ» አለ ሸሪፉ።

«ይከፍታሉ። ዶክተሯ ጥንዚዛውን ስታይ ማይክሮስኮፕ ነበራት?»

«የለም። ሬሳው አጠገብ ቆማ፣ በዓይኗ ብቻ።»

«በዓይን የሚለያቸው የለም ብላኛለች። ጭራው መቆረጡንም አልተናገረችም። ተራራውን ያወቀችው ጥንዚዛው ስር የተጻፈውን የተራራ ስም አንብባ ከመሳቢያው ስላወጣችው ነው።»

ዌልደን ወንበሩን ከናዲን ፈቀቅ አደረገ።

«ሊያሳትመው እንደሆነ ደረጃው ላይ ነገረኝ» አለች ናዲን። «እየሳቀ። ገፋሁት።»

«አንድ ነገር ገርሞኛል» አለች ቨርና ዓይኗን እያሸች። «ፔንላንድ ትክክል ቢሆን ይህ ጥንዚዛ በሁሉም ተራራ ይገኛል፤ በሃርላንም ላይ ምንም አይመሰክርም። ወጥመድሽ የሚሠራው እሱ ከተሳሳተ ብቻ ነው።»

«ተሳስቷላ» አለች ናዲን።

ሸሪፉ ካቴናውን ከሃርላን አውልቆ እሷ እጅ ላይ አጠለቀው። ሃርላን የእጁን አንጓ እያሸ ቤቴ የሚያደርሰኝ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። ቨርና የመኪናዋን ቁልፍ አወጣች።

ናዲን በሩ ላይ ዞር አለች። ያየችው ሰዎቹን አልነበረም፤ መሳቢያዎቹን ነው።

«አሥራ አንድ ናቸው» አለች።