በትዕግሥት ይጠብቁን

ልጅቷ የቤት ዕቃ በሚሸጥ ድርጅት የተቀጠረችው ስልክ ለማንሳት ነው ይባል እንጂ፣ ውሎዋ ስድብ መቀበል ነበር። አልጋ አዝዞ ቁም ሣጥን የደረሰው፣ ጠረጴዛው አንድ እግር ጎድሎት የመጣለት፣ የቤቱን ብስጭት የሚወጣበት ያጣ ሁሉ እሷ ጆሮ ውስጥ ይጮሃል። ጆሮ ደግሞ መዝጊያ የለው፣ ምን ታድርግ? የመሥሪያ ቤቱ ሕግ አንድ ነው፤ ደንበኛው ሳይዘጋ ሠራተኛ አይዘጋም። እሱ እስኪደክመው ድረስ «ቅሬታዎን መዝግበናል፤ በትዕግሥት ይጠብቁን» እያሉ መቀመጥ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ለሰው ልጅ ይሰጣል! ግን ደሞዙ ቀን አይስትም፤ እናቷም በእሱ ተማምና ነበር እንቅልፍ የሚወስዳት።

አትክልተኛው ወደዚያ ክፍል የሚመጣው በየሳምንቱ የቢሮውን ተክሎች ሊያጠጣ ነው። ንግግሩ ሁሉ ስለሚቀዳ፣ ከሠራተኞቹ ጎን የሌላ ሰው ድምፅ እንዳይሰማ ተከልክሏል። ስለዚህ ሁለቱ የተዋወቁት በምልክት ነው።

እሱ ከጎኗ ያለውን የጠወለገ ተክል አይቶ ግንባሩን ቋጠረ። እሷ ወደ ጆሮ ማዳመጫዋ ጠቁማ ዓይኗን ገለበጠች። የውኃ ማጠጫውን ከፍ አድርጎ በማይታየው ተሳዳቢ አናት ላይ እንደሚያንቆረቁር ሆነ። ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ከንፈሯን ነከሰች። ከሳቅ ጋር ከታገለች ስንት ጊዜዋ!

በምሳ ሰዓት ደረጃው ሥር ጠበቃት።

«ተክልሽን ቦታ ልቀይርለት ነው» አላት። «ከላይ የሚነፍስበት ቀዝቃዛ አየር ነው የፈጀው እንጂ፣ እሱስ ጤነኛ ነው።»

«እንዳንቺ ነው እንዳትለኝ ብቻ፤ የዛሬውን ስድብ ጨርሻለሁ።»

«እኔ የማወራው ስለ ተክሉ ነው» ብሎ አቀረቀረ። ቀና ብሎ ግን፣ «ቢሆንም አንቺም በደንብ የምትበዪ አይመስለኝም» አላት።

ከዚያ ወዲያ ከሥራ ስትወጣ በሩ ላይ ታገኘዋለች። ብዙ አይናገርም፤ ጆሮዋ ደክሞ ስለሚውል እሷም ዝምታውን ወደደችለት። ጎን ለጎን ሲሄዱ መንገዱ በየቀኑ እያጠረባቸው መጣ።

ልጅቷ ግን እየከሳች ነበር። ስልክ ሳይጠራ ይጠራባታል። ጠዋት የጫማዋን ክር ስታስር ጣቶቿ ይንቀጠቀጣሉ።

«ሥራውን ልለቅ መሰለኝ፣ እማዬ» አለች አንድ ቀን።

«ውይ ሚጡ! ተቀምጠሽ የምትሠሪበትን ቦታ? ሸክም አሸከሙሽ? ፀሐይ መታሽ?»

እናት ክፉ ሆና አይደለም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሥራ ማጣትን እንደ እሳት የምትፈራ ሴት ናት።

አንድ እሑድ ከሰዓት ልጅቷ ሶፋው ላይ ጋደም ብላ ሸለብ እንዳደረጋት ስልኳ ጠራ። እናት አጠገቧ ልብስ ታጥፋለች። የደወለው አትክልተኛው ነበር። ፊት ለፊት መናገር ያቃተውን በስልክ ሊናገር፣ ከጠዋት ጀምሮ በሚያሳድጋቸው ችግኞች ላይ ሲለማመድ ነው የዋለው።

«እወድሻለሁ» አላት። «ምን እንደምትዪኝ አላውቅም፤ ግን እወድሻለሁ።»

ልጅቷ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ በዚያ በለሰለሰ የቢሮ ድምፅ፣ «ስለደወሉልን እናመሰግናለን። ቅሬታዎን መዝግበናል፤ በትዕግሥት ይጠብቁን» አለች።

እንደ ልማዷ እሱ እስኪዘጋ ጠበቀች። ዘጋ። ብድግ ብላ የተቀመጠችው ያኔ ነው።

«ማነው? ምን አለሽ?» አለች እናት።

«እወድሻለሁ አለኝ።»

«አንቺስ?»

«በትዕግሥት ይጠብቁን።»

እናት በሳቅ ፈረሰች፤ የታጠፈው ልብስ ሁሉ ከጭኗ ተበተነ። ቀና ብላ የልጇን ፊት ስታይ ግን ሳቁ አፏ ላይ ደረቀ።

«ሳላውቀው ነው የወጣው፣ እማዬ» ትላለች ልጅቷ አፏን በመዳፏ ይዛ። «እኔ አይደለሁም። አፌ የኔ አይደለም።»

እናት ልብሱን ከወለሉ አላነሳችም።

«ነገ ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን» አለች። «አብረን።»

«የአእምሮ ሐኪም? ሰው ምን ይላል?»

«የሚሉትን እኔ እሰማልሻለሁ። አንቺ የሰማሽው ይበቃሻል።»

ሐኪሟ ረጋ ያለች ሴት ነበረች። እብደት አላለችውም፤ ስንፍናም አላለችውም። ከአቅም በላይ የተሸከመ ወገብ እንደሚጎዳ ሁሉ አእምሮም ይጎዳል፤ መጀመሪያ ዕረፊ፣ እየመጣሽ አነጋግሪኝ፣ ወደዚያ ወንበር መመለሱንም ደጋግመሽ አስቢበት አለቻት። ልጅቷ አሰበች፤ ከእናቷም ጋር መከረች። ከዚያ መልቀቂያዋን አስገባች። ለአትክልተኛው ግን መልሳ አልደወለችም፤ ያው ቃል ዳግም እንዳያመልጣት ፈራች።

በመጨረሻዋ የሥራ ቀን የውኃ ማጠጫውን ይዞ የገባው አንድ ሽማግሌ ነበር። አትክልተኛውስ የት ሄደ ብላ በእጇ ጠየቀችው። ሽማግሌው የክፍሉን ሕግ ማን ነግሮት!

«አጎቱ ነኝ!» አለ ግድግዳው እስኪያስተጋባ። «ልጁማ ተቀለደብኝ ብሎ ችግኝ መሀል ተቀብሯል!»

በጆሮዋ የነበረው ደንበኛ ይህን ሲሰማ ባሰበት፤ ስድቡ ከእሷ አልፎ ወደ እናቷ ተሻገረ። ልጅቷ በረጅሙ ተነፈሰች።

«ይቅርታ፣ እዘጋለሁ» አለችና ዘጋች።

አለቃዋ እየሮጠ መጣ። «መስመር ተቋረጠ እንዴ?»

«አልተቋረጠም። እኔ ነኝ የዘጋሁት።»

ከዚያ በቀጥታ እሱ ወደሚሠራበት ችግኝ ጣቢያ ሄደች። አትክልተኛው ተንበርክኮ ጥቁር ፕላስቲኮች ውስጥ አፈር ይሞላል። ሲያያት አልተነሳም።

«አልቀለድኩብህም» አለችው። «የመለሰልህ ሥራዬ ነው። ዛሬ ለቀቅኩት።»

«እንግዲያው አንቺ መልሺልኛ።»

አጠገቡ ቁጢጥ አለች።

«አሁን የምናገረው ሁሉ ከዚያ ማዳመጫ የመጣ ይመስለኛል» አለች። «አፌ የራሴ እስኪሆን ልትጠብቀኝ ትችላለህ? አድነኝ አላልኩህም። ጠብቀኝ ብቻ።»

እጁን በሱሪው ጠረገ። ከዚያ ድምፁን አለስልሶ፣ «ቅሬታዎን መዝግቤያለሁ» አላት። «በትዕግሥት እጠብቃለሁ።»

ሳቀች፤ ሳቋ መሀል ላይ ልቅሶ ሆነ። ከጎኑ ተቀምጣ አፈር ታቀብለው ጀመር።

መጀመሪያ ተኛች፤ እንቅልፍ እንደ ውኃ የጠማት ሰው ሆና ተኛች። ሐኪሟ ዘንድ መመላለሷን አላቋረጠችም። ቆይቶ መጽሐፍ በሚጠረዝበት ቤት ሥራ አገኘች። ገጽ ትደረድራለች፣ በመርፌ ትሰፋለች፣ ሙጫ ትቀባለች፤ ማንም አይጮህባትም። ደሞዙ ከበፊቱ ያነሰ ነው፤ እናት አንዳንዴ ስለ እሱ ልትናገር ትነሳና የልጇን ጣቶች አይታ ትተወዋለች። መንቀጥቀጡ ጨርሶ አልጠፋም፤ የሚብስባት ጠዋትም አለ። አትክልተኛው በየሳምንቱ መጥቶ እስከ ቤቷ ይሸኛታል፤ ስለ መልሷ አንድም ቀን አልጠየቃትም። ማንም እንዲህ ተጠብቆ ያውቃል?

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ራሷ ደውላ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረገችው።

«አቤት» አላት አትክልተኛው።

«እወድሃለሁ።»

ድምፅዋ ሻካራ ነበር፤ ተንቀጠቀጠም። ማንም ቢሮ ያላስተማራት የራሷ ድምፅ ነበር።

ከወዲያ ማዶ የሚፈስ ውኃ ብቻ ተሰማ።

«አለህ?»

«አለሁ። ቆይ፣ አትዝጊው…»

ዘጋችው።

አትክልተኛው በአንድ እጁ የውኃ ማጠጫውን እንደያዘ ስልኩ ላይ አፍጥጦ ቀረ። ውኃው ጫማው ላይ ይፈሳል። ያኔ የችግኝ ጣቢያው አጥር በር ሲጥ አለ። እሷ ነበረች፤ ጣቷ ላይ ያለው ሙጫ ገና አልደረቀም።