ሁለቴ ምቺልኝ

ጋሽ ፓምፕ ያወቃት በአካሄዷ ነው። ፀጉሯ ሸብቷል፣ መነጽር አድርጋለች፣ ሰውነቷም ሞላ ብሏል። እግሯን ግን አሁንም እንደ ዳክዬ ወደ ውጭ ከፈት እያደረገች ነው የምትራመደው። ዕድሜ ልኩን ውሃ ውስጥ የኖረ እግር መሬት ላይ እንዲህ ነው የሚሆነው።

«መምህርት!» ሊላት አፉን ከፈተ።

«አዎ!» አለ።

ወይ ጣጣ! ይኸው ነው እንግዲህ የቀረለት። ከሰባት ወር በፊት አንድ ጠዋት ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ቀኝ ጎኑ ከዳው። ከሆስፒታል ሲመለስ ከሚያውቀው ቃል ሁሉ የተረፈችው ይህች አንዷ ነበረች። ራበህ? አዎ። ጠገብክ? አዎ። ሐሳቡ ውስጡ ሙሉውን አለ፤ ከንፈሩ ላይ ሲደርስ ነው ሁሉም «አዎ» ሆኖ የሚወጣው። የምታስታምመው የእህቱ ልጅ መጀመሪያ ሰሞን አለቀሰች፤ ሲቆይ ለምዳው ትቀልድበት ጀመር።

«ጋሼ፣ ከእናቴና ከእኔ እኔን ነው አይደል የምትወደው?»

«አዎ።»

«እሰይ! እማዬ ትስማ!» ትላለች። እሱም ይስቃል። ሳቁ እንኳ አልተወሰደበትም።

ዛሬ ተሽከርካሪ ወንበሩን እየገፋች ያመጣችው የውሃ ፓምፕ ሠራተኛ ሆኖ የኖረበት የድሮ ሥራ ቦታው ድረስ ነው። የሕዝብ መዋኛው ከተዘጋ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ባዶ የቀረውን ገንዳ አንድ መነጽራም ወጣት ሠዓሊ በብርሃን ሞልቶታል። ከጣሪያው የተሰቀሉት ፕሮጀክተሮች ግድግዳውንና ወለሉን ሰማያዊ አድርገውት፣ ማዕበሉ በሰዉ ጫማ ላይ ይሄዳል፤ የዋናተኞች ጥላ ከራስ በላይ ያልፋል። ከየጥጉ የውሃ መንቦጫረቅ፣ ፊሽካና ሳቅ ይሰማል። በመሃል በመሃሉ ደግሞ የድሮ ሠራተኞች ድምፅ እየመጣ ያን ዘመን ያወራል።

«ሥዕል ነው አሉኝ» አለች የእህቱ ልጅ፣ ተዳፋቱን ይዛው ወደ ገንዳው ስትወርድ። «ቀለም የለ፣ ብሩሽ የለ! ግን እግሬ የራሰ መሰለኝ፣ ጋሼ።»

«አዎ።»

ከዚያ ከብረቱ መሰላል አጠገብ አቆመችው። «መጸዳጃ ቤት ደርሼ ልምጣ። ይቺን ያዝልኝ» ብላ የቤቱን ቁልፍ ጭኑ ላይ ጣል አድርጋ ሄደች። መምህርት የገባችው ይኼኔ ነው።

ሊጠራት የቸኮለው በከንቱ አይደለም። ከሠራተኞቹ ድምፅ አንዱ የእሱ ነው። ባለፈው ዓመት፣ ምላሱ ሳይታሰር በፊት፣ ሠዓሊው መቅረጫ ይዞ ቤቱ ድረስ መጥቶ ነበር። ስለ ፓምፑ ነበር የጠየቀው፤ ጋሽ ፓምፕ ግን በፓምፑ ጀምሮ በመምህርት ጨረሰ። ለእህቱ እንኳ ያልነገረውን ሁሉ ዘከዘከው። የት እንዳለች አያውቅም፤ ግን አንድ ቀን ብትመጣስ? ቆማ ብትሰማውስ? ይህን ብሎ ነው።

ይኸው መጣች!

«ውሃው የሚለወጠው በሦስት ቀን አንዴ ነበር» አለ የራሱ ድምፅ ከግድግዳው። መምህርት ባለችበት ቆመች። «እኔ ምድር ቤት ነኝ። ቀዝቃዛውን ውሃ ልለቅ ስል ቧንቧውን ሦስት ጊዜ እመታለሁ። የዋና አስተማሪዋ ተማሪዎቿን ከጥጉ ታነሳና የመሰላሉን ብረት ሁለቴ ትመታልኛለች። ልቀቀው ማለቷ ነው። ያን ጊዜ እለቀዋለሁ።»

አሁን ይመጣል፣ አለ በሆዱ። ቀጥሎ «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያቺን ሁለት ምት ስጠብቅ ኖርኩ» ነው የሚለው።

ፊሽካ ተነፋ። የሌላ ሰው ድምፅ ስለ ልብስ መቀየሪያው ማውራት ጀመረ።

ቆርጦታል! ሠዓሊው ልጅ ቆርጦታል! የቀረችው አንዲት ተስፋ ያቺ ንግግር ነበረች... አሁን ማን ይነግራታል? በምን አፍ?

መምህርት ዘወር አለችና አየችው።

«ፓምፔ?»

በዚህ ዓለም እንዲህ ብላ የምትጠራው እሷ ብቻ ናት።

«አዎ!»

«አንተ ራስህ! በሞትኩት! ምን ሆንክ? እግርህን ነው?»

«አዎ።»

ከፊቱ ቁጢጥ አለች። «የዚህን ቦታ ማስታወቂያ በሬዲዮ ሰማሁ፤ ድምፅህን ለየሁት። ከልጄ ቤት ሁለት አውቶቡስ ቀያይሬ ነው የመጣሁት። ባለቤቴ ካረፈ አራት ዓመቱ ነው... ኧረ ምን እንደምቀባጥር!» ጃንጥላዋን ከእጅ ወደ እጅ አዘዋወረች። «አንድ ነገር ልጠይቅህና ይውጣልኝ። መዋኛው የተዘጋ ቀን፣ ‹ስንጨርስ በር ላይ ጠብቂኝ፣ የምነግርሽ አለ› ብለኸኝ ነበር። ፀሐይ እስክትጠልቅ ቆምኩልህ። ሐሳብህን ቀይረህ ነው የቀረኸው?»

ሐሳቡን ቀይሮ! የአንድ ዋናተኛ ኮፍያ ፓምፑ ውስጥ ተሰንቅሮ ምድር ቤቱን ውሃ ሲሞላው፣ እስከ ወገቡ ሰጥሞ ሲታገል ነበር የመሸበት። እርጥብ ሱሪውን እየጎተተ በር ላይ ሲደርስ የቆየው ዘበኛው ብቻ ነበር። በሳምንቱ ለሥራ ሌላ ከተማ ሄደች አሉት። ይህ ሁሉ አሁን ምላሱ ጫፍ ላይ ተከመረ።

«አ... አ... አዎ።»

ክው አለች።

«ገምቼ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ከዚያ በኋላም ረሳኸኝ ማለት ነው?»

«አዎ።»

ግራ እጁን ሊሰድላት ሲል እሷ ተነሥታለች።

«ላስቸግርህ አልፈልግም። ልሂድ?»

ከንፈሩን ነከሰ። ያቺ ቃል እንዳትወጣ ጥርሱን ገጠመ። ዓይኑን ጨፈነ።

«አዎ።»

ሄደች። በዚያ በዳክዬ አካሄዷ፣ ብርሃኑን እየረገጠች፣ ወደ ተዳፋቱ። ጋሽ ፓምፕ በደህና እጁ የወንበሩን ጎማ ገፋ። በአንድ እጅ የተገፋ ወንበር ደግሞ መቼ ወደፊት ይሄዳል? ዝም ብሎ ዞረ። ደግሞ ገፋ፤ ደግሞ ዞረ። ሆድ ይፍጀው ይባላል፤ የእሱን ሆድ ግን ነገሩ እሳት ሆኖ ፈጀው። በሦስተኛው ወንበሩ ከመሰላሉ ጋር ተጋጨ፤ ጭኑ ላይ ያለው ቁልፍ ሾልኮ ሲወድቅ ብረቱን ነካው።

ኳ!

ጋሽ ፓምፕ መሰላሉን አየው። ራሱ ነው፤ የድሮው። በስንት መከራ ጎንበስ ብሎ ቁልፉን በግራ እጁ አነሣ።

ኳ! ኳ! ኳ!

መምህርት ተዳፋቱ መሃል ላይ ቀጥ አለች። ግን ዞር አላለችም።

ኳ! ኳ! ኳ! አለ እንደገና፣ እንባው እየወረደ።

ከዚያ ጀርባዋን እንደሰጠች ጃንጥላዋን አነሣችና በእጀታው የተዳፋቱን መደገፊያ ብረት መታች።

ኳ። ኳ።

የእህቱ ልጅ ስትመለስ ጋሼዋ ስቅስቅ ብሎ ያለቅሳል፣ አንዲት የማታውቃቸው ሴትዮ ፊቱ ቆመዋል።

«ጋሼ! ምን ሆንክብኝ? እትዬ፣ ምን አሉት?»

«እኔ ምንም አላልኩትም! ጠየቅኩት፣ አዎ አለኝ። ደግሞ ሄድኩ ስል ይጠራኛል...»

«እንዴ! እሱ እኮ ከታመመ ወዲህ ሌላ ቃል የለውም! ሞተሃል ወይ ቢሉትም አዎ ነው የሚለው!»

መምህርት እጇን አፏ ላይ ጫነች። የጠየቀችውን ሁሉ አንድ በአንድ አስታወሰች መሰል፣ ፊቷ ተለዋወጠ።

ሠዓሊው ኳኳታውን ሰምቶ እየሮጠ መጣ። «እባካችሁ፣ ዕቃው ላይ አትምቱ...» ብሎ ሊቆጣ ሲል ጋሽ ፓምፕን አየ። ከዚያ የጋሽ ፓምፕን ዓይን ተከትሎ ሴትዮዋን አየ። «እርስዎ... መምህርት ነዎት?»

«በምን አወቅኸኝ?»

ወጣቱ አንገቱን ደፋ። «ጋሽ ፓምፕ ስለ እርስዎ ብዙ ብለዋል። የሰው ምስጢር ሕዝብ ፊት አይሰጣም ብዬ ቆረጥኩት። አላጠፋሁትም፤ ስልኬ ላይ አለ።»

መምህርት የሰጣትን የጆሮ ማዳመጫ አደረገች። ጋሽ ፓምፕ ምንም አይሰማውም፤ የሚያየው ፊቷን ብቻ ነው። የት ደርሳ ይሆን? ስለ ሁለቱ ምት? ስለ ኮፍያው? ድንገት አንድ ነገር ትዝ አለው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ ሠዓሊውን ለማሳቅ ብሎ ያለው አለ! አቁሚው ሊላት እጁን አወራጨ።

«አዎ! አዎ! አዎ!»

መምህርት ማዳመጫውን ከአንድ ጆሮዋ አነሣች።

«‹አሁን እሷም አርጅታ፣ ጥርሷ ረግፎ ይሆናል›?» አለችው ዓይኗን አፍጥጣ። «ሁለት ብቻ ነው የጎደለኝ፣ አንተ ባለጌ!»

«አዎ» አለ በሐፍረት።

የእህቱ ልጅ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። መምህርት ቀሪውን ለመስማት ማዳመጫውን መልሳ አደረገች። ከዚያ በኋላ አልሳቀችም። መነጽሯን አወለቀች፣ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች፣ እስኪያልቅ ድረስ ሰማች። ስታበቃ ፊቱ ቁጢጥ ብላ የማይንቀሳቀሰውን ቀኝ እጁን ያዘች።

«አንተ አዎ ብቻ ካለህ፣ ከእንግዲህ ጥያቄውን እኔ አስተካክዬ እጠይቅሃለሁ። ያን ቀን ልትመጣ ፈልገህ ነበር?»

«አዎ።»

«ወደኸኝ ነበር?»

«አዎ።»

«እትዬ» አለች የእህቱ ልጅ፣ ፈራ ተባ እያለች። «እንዳይጎዱ ብዬ ነው... ለሁሉም እኮ አዎ ነው።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ።» ዓይኗን ከእሱ አልነቀለችም። «የልጅ ልጆቼን የምጠብቀው እኔ ነኝ፤ ነፃ የምሆነው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። ከዚህ በላይ የምሰጥህ የለኝም። ረቡዕ ረቡዕ ልምጣ?»

«አዎ» አለ አፉ።

ያንን አፍ ግን አላመነውም። ቅድም ያባረራት እሱ ነው። ቁልፉን ጭኑ ላይ በግራ እጁ ዳብሶ አገኘው፣ ወደ መሰላሉ ጠጋ አለ፣ እሷን እያየ ብረቱን ሁለት ጊዜ መታ።