ደስታ ጅጅጋ ገብቷል

«ፔርሙዙን እንዳትከፍተው!» አለ ዶክተር ካሂን።

አምሀ ነጭ ጋዋኑ ሥር ሸሸገው። ዘመኑ ሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት ነው፤ የጅጅጋ ከብት ገበያ በቀትር ይንጫጫል። ለገበያተኛው አምሀ ከብት ከታቢ ነው። ለደህንነቶች ግን «መርፌ» የሚሉት ጆሮ ጠቢ ነው። ፔርሙዙ ውስጥ ከሞተ በሬ የተቆረጠ እጢ በበረዶ ተቀብሯል። ደስታ በሽታ! ይህን ከብት ጨራሽ ደስታ ብሎ የሰየመ ምላሱ ይረገም።

«በረዶው ሳይሟሟ ደብረ ዘይት ላቦራቶሪ ይድረስ። ያለ ማስረጃ ክትባት አይልኩም» አለ የእንስሳት ሐኪሙ። «ቫይረሱ እንደሆን አይጠብቅህም። የሴሉን ገጽ ይይዛል፣ ይለቃል፣ ደግሞ ይይዛል፤ ዓይነ ስውር ግድግዳ ሲዳብስ አይተህ የለ? በሩን ሲያገኝ ይገባል። ውስጥ ተራብቶ ወደ ጎረቤት ይሻገራል።»

«ያለ እግር?»

«እግሩማ ነጋዴዎቻችን ናቸው።»

አምሀ ጠዋት ሐረር ላሉት የደህንነት አለቃው ቴሌግራም ልኮ ነበር፦ «ደስታ ጅጅጋ ገብቷል። ካሂን ያውቃል።»

ባቢሌ ኬላ ላይ የተሳፈረበት መኪና ቆመ።

አለቃው ሻለቃ ካሳሁን ራሳቸው ቆመዋል።

«ካሂን ተይዟል። ደስታ የሚባል ሰርጎ ገብ አስጠልሏል።»

«ኧረ ጓድ ሻለቃ፣ ደስታ እኮ በሽታው ነው!»

«ጠፍቶኝ ነው? የከብት አርቢ ልጅ ነኝ እኮ!» ሳቁ። «ሦስት መቶ ሰንጋ ወደ ወደብ እያስነዳሁ ነው። በሽታ ገባ ከተባለ ገበያው ይዘጋል። ፔርሙዙን ወዲህ በል።»

ከታቢ ሁለት ፔርሙዝ ይይዛል፤ የእጢውን ሻንጣው ሥር ቀብሮታል።

አምሀ የአባ ሰንጋ ክትባት ያለበትን ሰጣቸው። ሻለቃው አፈር ላይ ደፉት።

«አሁን በካሂን ላይ ቃልህን ፈርምና እለፍ።»

እንቢ ቢል ሻንጣው ይፈተሻል። የስንት ሰው ከብት ያልቃል! ሆድ ይፍጀው ብሎ «መርፌ» ሲል ፈረመ። ራሱን ግን ተጸየፈ።

የደስታ ክትባት ከደብረ ዘይት በሦስት ሳምንት ደረሰ። ከብቱ ተረፈ። ካሂን አልተመለሰም።

አምሀ ጅጅጋን በሚለቅበት ቀን የካሂን ሚስት ኤብላ ወረቀት ይዛ መጣች።

«ወንድሜ፣ አማርኛ መጻፍ አንተ ታውቃለህ። አቤቱታ ጻፍልኝ። ባለቤቴ ወላሂ ደስታ የሚባል ሰው አያውቅም።»

ጻፈላት።

«ማን መሰከረበት ብለው ቢጠይቁኝስ?»

ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

«ያልታወቀ ሰው» ብሎ ጻፈ።

«አላህ ይስጥህ» አለችው።

ኪሱ ውስጥ ደህንነቶች የሰጡት አዲስ መታወቂያ፣ አዲስ ስም አለ። ወደ አዲሱ ምድቡ፣ ወደ አፍደም ተሳፈረ።