የተቃጠለው ተሳቢ

ጂንና መንፈስ ሲወራ ወይ እስቃለሁ ወይ ተነሥቼ እሄዳለሁ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ነኝ፣ ሐይቅ ተወልጄ ስለ ውሃው የሚወራውን ሁሉ እየሰማሁ አድጌ አንዱንም አላመንኩም፣ ሳዑዲ በነበርኩ ጊዜም በረሃ ላይ ብቻዬን ሳድር ከእባብ በቀር የፈራሁት ነገር አልነበረም። አሁን የምነግራችሁን ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ ጫት በዝቶበታል ብዬ አልፈው ነበር። እኔ ግን አልቅምም፣ ነገሩም የደረሰብኝ በቀን ነው፣ እመኑኝ።

መጀመሪያ ንዴቴን ልንገራችሁ፣ አለዚያ ነገሩ አይገባችሁም። ለውጡ በመጣ ሰሞን፣ ሁሉም ሰው ጥሩ ጊዜ መጣ ባለበት ወቅት፣ ከሳዑዲ ይዤው የገባሁትን በሙሉ አንድ የጭነት ድርጅት ላይ አፈሰስኩት። ውሉ ሲነበብ ደስ ይል ነበር፤ መኪናና ተሳቢ ይሰጡኛል፣ ሠርቼ ከማገኘው ላይ ይቆርጣሉ፣ ቆርጠው ሲጨርሱ ሁለቱም የኔ ይሆናሉ፣ መሃል ላይ ከተጣላን ግን መኪናዋም እስከዚያ የከፈልኩትም የነሱ ሆኖ ይቀራል። ጭነት የሚያድለው የስምሪት ኃላፊው አቶ ጌታሁን ነው። እሱ ሲስቅልህ ጅቡቲ ደርሰህ ትመለሳለህ፣ ሲያኮርፍህ ኮምቦልቻ ግቢ ውስጥ ጎማህ እስኪበሰብስ ተገትረህ ትውላለህ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ወደ ሐይቅ የተቃረበ ዕለት አቶ ጌታሁን ራሱ ደወለና፣ ተሳቢው ያዘገይሃል፣ ፈትተህ ጣለውና መኪናዋን አውጣ አለኝ፣ እኔም ከተማው መውጫ ላይ ፈትቼው ሄድኩ። ስመለስ ተሳቢው ነዶ የቀረው ብረቱ ብቻ ነበር፣ እሱንም ሰዎች ቆራርጠው ሸጡት። ድርጅቱ ግን የተሳቢውን ሒሳብ ከኔ መቁረጡን አላቆመም። አቶ ጌታሁንም ፈትተህ ጣለው ማለቱን ዓይኑን በጨው አጥቦ ካደኝ፣ ይባስ ብሎ ተሳቢው በእጄ ይገኛል የሚል ወረቀት አምጥቶ ፈርም አለኝ። አልፈርምም አልኩ። እስር ቤትም ቢሆን እገባለሁ እንጂ የሌለውን አለ ብዬ አልፈርምም፣ ወላሂ።

ያን ቀን ክረምት ነው፣ ከኮምቦልቻ ዱቄት ጭኜ ወደ ውጫሌ እየሄድኩ ነበር፣ ሐይቅን አልፌ ወደ አምባሰል ስገባ ጉሙ ወረደ፣ ገና ረፋድ ላይ ነው፣ ግን መብራት አብርቼ እንኳ የመኪናዋ አፍንጫ አልታይ አለኝ፣ ካፊያም ጀመረ፣ ጥጌን ይዤ ቆምኩ። ወዲያው አቶ ጌታሁን ደወለ።

«ሰይድ፣ ነገ መጥተህ ካልፈረምክ መኪናዋን አስረክብ። የሚፈልጋት ሞልቷል» አለኝ።

«አቶ ጌታሁን፣ ከኋላዬ ምንም የለም። ለሌለ ነገር አልከፍልም» ብዬ ዘጋሁበት።

ድምፁን የሰማሁት ስልኩን ገና ሳላስቀምጥ ነው። ድም። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ ድም። እኛ ሾፌሮች ከመነሣታችን በፊት ጎማውን በዱላ እየመታን እንዞራለን፣ የሞላው ጎማ ዱላውን ጥሩ አድርጎ ይመልሳል፣ አየር የቀነሰው ድምፁ ድፍን ይላል። አንድ ሰው የኔን ጎማዎች እየመታ ነው። ሌላ ሾፌር ከኋላዬ ቆሞ የራሱን ትቶ የኔን የሚመታ መስሎኝ በስፖኪዮ ባይ ጉም ብቻ ነው። ምቱ ከፊት ጎማ ተነሥቶ ወደ ኋላ ሄደ፣ የመጨረሻው ጎማ ላይ ደረሰ፣ አሁን በሌላው ጎን ዞሮ ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ። አልዞረም። መኪናዬ ካለቀች በኋላም ወደ ኋላ ቀጠለ፣ ጎማ በሌለበት፣ ባዶ አስፋልት ላይ፣ ድም፣ ድም፣ እያለ ራቀ። አንዱ ላይ ሲደርስ ድፍን አለ። የተሳቢዬ የግራ የኋላ ጎማ ሁልጊዜ አየር ይቀንስ ነበር፣ ያን ድምፅ ከሺህ ጎማ መሃል እለየዋለሁ።

የጎማ መፍቻውን ይዤ ወረድኩ። ማንም የለም። ካፊያው መንገዱን አርሶታል፣ ከመኪናዬ ጀርባ ግን አስፋልቱ ደረቅ ነበር፣ ልክ መኪና የቆመበት መሬት ሳይረጥብ እንደሚቀረው፣ ረጅም ሆኖ፣ ጠርዙ ቀጥ ብሎ። ካፊያው ራሴ ላይ እየወረደ ነው፣ እዚያ ላይ ግን አይወርድም። ፈራሁ፣ ምን ልደብቃችሁ። እግሬን አስገብቼ ልየው ብዬ አነሣሁትና መለስኩት። ከዚያ ተናደድኩ፣ እዚህ ቆሜ ብቀር የሚደሰተው አቶ ጌታሁን ነው ብዬ ቢስሚላህ አልኩና ሞተር አስነሣሁ። መኪናዋ ስትነሣ ከኋላ አንድ ነገር ጎተት አድርጎ ለቀቃት፣ ከዚያ እስከ ውጫሌ ድረስ ከባድ ነበረች።

ውጫሌ ሻይ ስጠጣ ከኋላዬ ሲከተለኝ የመጣ የሚኒባስ ሾፌር አጠገቤ ተቀመጠ። «ወንድሜ፣ የተሳቢህን መብራት አሠራው እንጂ፣ ጉሙ ውስጥ ልንጋጨው ነበር» አለኝ። ተሳቢ የለኝም አልኩት። ዞር ብሎ መኪናዬን አየ፣ ሻዩን ሳይጨርስ ተሳፋሪዎቹን ጠርቶ ሄደ። የዚያን ሰው ወሬ ድርጅቱ ቢሰማ አለቀልኝ ብዬ ለሚስቴ እንኳ አልተናገርኩም።

በነጋታው አልፈረምኩም፣ መኪናዋንም አላስረከብኩም። ተሳቢ ከተቃጠለባቸው ሌሎች ሾፌሮች ጋር ተነጋግረን ጭነት አናነሣም አልን፣ ድርጅቱም ሲጨንቀው ነገሩ በሽማግሌ ይለቅ አለ። ሐይቅ የመኪና ማቆሚያው ግቢ ውስጥ ሐጂ ይመር ተቀመጡልን፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ቃላቸውን የሚያምን አዛውንት ናቸው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ በሬ እንጂ መኪና ይዘው አያውቁም። አቶ ጌታሁን የሚለውን አለ፣ እኔም አልኩ።

«በል ሰይድ፣ አላህን ይዘህ ተናገር፣ ተሳቢው ካንተ ዘንድ የለም?» አሉኝ።

«የለም ሐጂ» አልኩ። ውሸት አልተናገርኩም፣ ነዶ የተረፈውን ብረት በዓይኔ አይቻለሁ፣ ይህን ስል ግን ዞር ብዬ እዚያው የቆመችውን መኪናዬን ጀርባ አየሁ። እሳቸው የነደደ ንብረት አይከፈልበትም፣ እስካሁን የተቆረጠበትም ለመኪናዋ ይታሰብለት ብለው ፈረዱ። አቶ ጌታሁን ፊቱን አጥቁሮ ፈረመ። እኔ አለቀስኩ፣ የሳዑዲ ላቤ ነበር እኮ።

ሐጂ ለሶላት ተነሡ። መስጊዱ ከመኪናዬ ባሻገር ነው፣ ከመኪናዋ ጀርባ ያለው ደግሞ ባዶ ሜዳ ነው፣ ሰው ሁሉ በዚያ አቋርጦ ነው የሚሄደው። እሳቸው የመኪናዋን ጎን ይዘው ወደ ኋላ ሄዱ፣ መኪናዋ አለቀች፣ አሁንም ቀጥ ብለው ሄዱ፣ ባዶው ሜዳ ላይ ሩቅ ድረስ ሄደው ዞሩና በዚያኛው ጎን ተመለሱ። ሳይ ቆየሁና ሮጬ ደረስኩባቸው፣ ምን ብዬ እንደምጠይቅ ግን አላወቅኩም። ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

«አብሽር ልጄ፣ ፍርዱ ፍርድ ነው» አሉኝ። «ቁልቁለት ላይ ግን ቀስ በል፣ ከኋላ ይገፋሃል።»

ምኑ ነው የሚገፋኝ ብዬ አልጠየቅኳቸውም። መኪናዋ ዛሬ የኔ ናት፣ ማንም አይነጥቀኝም፣ ነገም ወደ ውጫሌ ጭነት አለኝ።