ጥላውን አትርሳ

አውቶቡሱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ቀትር ነው። ሰው በሰው ላይ ተደርቧል።

መጋረጃ የሚሉት ሰው መሀል በሩ አጠገብ ቆሟል። ቀኝ እጁ ብረቱን ይዟል። ግራ እጁ ተንጠልጥሏል፤ መዳፉ ክፍት ነው። በአራተኛው ፌርማታ አንድ ግራጫ ኮት የለበሰ ሰው እየተጋፋ አጠገቡ ደረሰ።

መዳፉ ውስጥ የኮምፒዩተር ፍላሽ ገባ።

«እስከ ስምንት ሰዓት» አለ ባለ ግራጫው፣ መስኮት መስኮቱን እያየ። «ሴትዮዋንና ባለ ባርኔጣውን አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጥልኝ።»

«አጎት፣ በስምንት ወር ውስጥ አንድም ቀን ሲገናኙ አላየሁም።»

«ተገናኝተዋል። ካሜራችን ነው ያመለጠው። የጎደለውን አንተ ትሞላለህ።»

«ይሄ እኮ ማስረጃ አይባልም።»

«አንተስ ማን ትባላለህ?»

መጋረጃ ዓይኑን ወደ መስኮቱ መለሰ።

«አየህ» አለ አጎት። በሚቀጥለው ፌርማታ ወረደ።

«መጋረጃ» የስለላ መሥሪያ ቤቱ የሰጠው የምስጢር ስም ነው። «አጎት»ም እንደዚያው፤ ዝምድናቸው ማዘዝና መታዘዝ ብቻ ነበር። ከመሥሪያ ቤቱ ምስጢር እየወጣ ለአንድ ባለ ባርኔጣ የውጭ ሰው ይደርሳል። ማን እንደሚያወጣው አልታወቀም። «መውጫው አንድ ፎቶ ቤት ነው» ያለው አጎት ነው። መጋረጃም ፎቶ አቀናባሪ ነኝ ብሎ ፎቶ ቤቱ ተቀጠረ።

ሴትዮዋን፣ የፎቶ ቤቱን ባለቤት፣ ሰፈሩ «እትዬ ፎቶ» ይላቸዋል። ሥራቸው የሞተውን ካለው ጋር ማቆም ነው። አባቷ ሠርጓን ሳያይ የሞተባት ሙሽራ የመታወቂያ ፎቶውን ይዛ ትመጣለች። እትዬ ፊቱን ከመታወቂያው፣ ሙሉ ልብሱን ከሌላ ሰው፣ እጁን ከሦስተኛ ሰው ያመጡና ኮምፒዩተር ላይ አንዱን ፎቶ በሌላው ላይ ይደርባሉ። እያንዳንዱን ድርብ ሌላው ሰው ሌየር ይለዋል። እሳቸው ግን «ብርድ ልብስ» ነው የሚሉት።

«የሚታየው ከላይ ያለው ነው። ከሥር ያለው ግን ተኝቷል እንጂ የትም አልሄደም» አሉት በመጀመሪያው ቀን። በየሌየሩ ጎን ያለችውን ትንሽ የዓይን ምልክት ነኩ። ዓይኗ ስትከደን ሌየሩ ተሰወረ። መልሰው ሲነኳት ብቅ አለ። «አትሳት ልጄ፤ መክደን መሰረዝ አይደለም።»

የሚነዘንዙት ግን በጥላ ነበር። አቤት ንዝንዝ!

«ሰው ስታስገባ ጥላውን አትርሳ! ሰው ከቆመ አጠገቡ ባለው ላይ ያጠላል። ጥላ የሌለው ሰው ውሸት መሆኑን ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቃል።»

ዓይናቸው ታማሚ ነው። ሐኪሙ «ጠብታው አንድ ሳምንት ከተቋረጠ ዓይንዎን አያገኙትም» ብሏቸዋል። ራሳቸው ሲያደርጉት ጉንጫቸው ላይ ስለሚፈስ፣ በየቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ መጋረጃ ያደርግላቸዋል። «ጉንጬማ አሁን አንበሳ ሆኗል፤ ዓይኔ ነው የቀረው» እያሉ ይስቃሉ።

መስኮቱ ላይ የራሳቸው ትልቅ ፎቶ ተሰቅሏል። እሳቸው መሀል ተቀምጠዋል። ባላቸውና ልጃቸው ግራና ቀኝ ቆመዋል፤ ሁለቱም በአንድ መኪና አደጋ የሞቱ። ከሦስት ወር በፊት አንድ ሌየር ጨመሩ። መጋረጃን ከኋላቸው አቆሙት፤ ጥላውንም በግራ ትከሻቸው ላይ አሳረፉ። «ቤት ውስጥ ወንድ ጎድሎ ነበር» አሉት። ያን ቀን መጋረጃ መጸዳጃ ቤት ገብቶ አለቀሰ። ሪፖርቱ ላይ አልጻፈውም።

ከአውቶቡሱ ወርዶ ፎቶ ቤት እንደገባ፣ ሰባት ሰዓት ላይ ፍላሹን ሰካ። ባለ ባርኔጣው አግዳሚ ወንበር ላይ ብቻውን ተቀምጧል። ከጎኑ ባዶ ቦታ፣ ከኋላው ግድግዳ። የፋይሉ መጠን ለአንድ ፎቶ ከበደው። ነገር ግን ሰዓቱ እየሄደ ነበር፤ የሚታየውን ብቻ ቀድቶ ሥራውን ጀመረ።

እትዬ ከጨርቅ መጋረጃው ወዲያ አንድ ደንበኛ ፎቶ ያነሳሉ። «ቀና በል፣ ቀና! ዕዳ አለብህ እንዴ?» ሲሉ ይሰማል። እሱ ወዲህ ሆኖ ከፎቶአቸው ላይ የእሳቸውን ጠርዝ ይቆርጣል። ጥቁር ነጠላ ጫማቸውን። በወንበር የሚደገፈውን ክንዳቸውን። አስቀመጣቸው። ብርሃኑን አመሳሰለ። ጥላቸውን በባለ ባርኔጣው ጉልበት ላይ አሳረፈ፤ እንዳስተማሩት።

ስምንት ሰዓት ላይ ላከው። ተነስቶ ጠብታቸውን አደረገላቸው።

«እጅህ ዛሬ ምነው ቀዘቀዘ?» አሉት።

ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል። እሱ የበላበትን ነከሰ።

በማግስቱ ሦስት ሰዓት ላይ አራት ሰዎች እትዬን ሊይዙ መጡ። እትዬ አልጮኹም። በሩ ላይ ግን ዞር አሉ።

«ልጄ፣ የሙሽራዋን ሥራ ለዓርብ አድርስልኝ። ጠብታዬን... ጠብታዬን ስጡኝ እንጂ!»

«እዚያ ይሰጥዎታል» አለ አንዱ።

የጠብታው ብልቃጥ ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

የአጎት ትእዛዝ ያለውን ፋይል ሁሉ ማጥፋት ነበር። መጋረጃ ከማጥፋቱ በፊት ያን ከባድ ፋይል ከፈተው። አሁን ጊዜ አለው። የሌየሮቹን ዝርዝር አየ። ሁለት ናቸው። የላይኛው ቁራጭ ግድግዳ ብቻ ነው፤ ባዶው ቦታ ላይ የተለጠፈ። የላይኛውን ዓይን ከደነ።

ግድግዳው ተነሳ።

አጎት አግዳሚው ላይ ተቀምጧል።

ግራጫ ኮቱን ለብሷል። ለባለ ባርኔጣው ቡናማ ፖስታ እያቀበለ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ካሜራ አላመለጠውም ነበር። አጎት ቀድሞ አገኘውና በራሱ ላይ ግድግዳ ለጠፈ። የሸፈነው ሁሉ የጠፋ መስሎታል። ሌባው እሱ ነው። ምስኪኗን ሴትዮ በእሱ ቦታ አስቀመጠ፤ ያስቀመጣት እጅ ግን የመጋረጃ ነው።

«እጄን በእጄ!» አለ መጋረጃ ጮክ ብሎ።

ደጁ ተንኳኳ።

«ክፈት፤ አጎት ነኝ።»

ሁለት ደቂቃ ቢያገኝ ነው። ፎቶውን ጎተተና በሙሽራዋ ፋይል ውስጥ ከሁሉ በታች አስገባው። ዓይኑን ከደነበት። ሴቭ አድርጎ በሩን ከፈተ።

አጎት ፍላሹን ነቅሎ ኪሱ ከተተ። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ማውሱን ያዘ። የትናንቱን ሥራ ደመሰሰ። ከዚያ የሙሽራዋን ፋይል ከፈተ።

«ይሄስ?»

«የሠርግ ሥራ ነው። ለዓርብ ይፈለጋል።»

«አሥራ አራት ሌየር?»

«ቤተሰቡ ብዙ ነው።»

የአጎት ጣት ወደ ታች ወረደ። የመጨረሻው ላይ ቆመ።

«ይሄ የተከደነውስ?»



«የሞተ ሰው ነው። ዘመዶቹ አልተስማሙበትም።»

አጎት ሳቀ። «እንግዲያው ይረፍ። ነገ ሌላ ከተማ ትሄዳለህ። ጥሩ ሠርተሃል።» ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል አገሬው። እሱም ሲጋራውን ለኩሶ ወጣ።

ስድስት ሰዓት ሳይሞላ መጋረጃ ከመሥሪያ ቤቱ የቁጥጥር ኃላፊ ፊት ተቀመጠ። ማንንም የማታምን ሴት ናት። ይዞት የመጣውን የሙሽራዋን ፋይል ከፈተላት። ሙሽራዋንና አጃቢዎቿን አንድ በአንድ ከደናቸው። የመጨረሻዋን ዓይን ገለጠ። ኃላፊዋ መነጽሯን አወለቀች።

«የሴትዮዋን ፎቶ ማን ነው የሠራው?»

«እኔ ነኝ።»

«ማንም አልሠራውም» አለች። «እኛ የሐሰት ማስረጃ አንሠራም። አንተም ፎቶ ቤት ሠርተህ አታውቅም።»

«እሺ። ሴትዮዋን ዛሬ ይፍቷቸው። የዓይን ጠብታ አላቸው።»

«ዛሬ ብፈታት አጎት ይነቃል። ከባለ ባርኔጣው ጋር እጅ ከፍንጅ እስክይዘው ትቆያለች።»

ብልቃጡን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ አኖረው። «እሱን እንኳ ያድርሱላቸው። በእናትዎ!»

«ጠብታዋ ከፎቶ ቤት እንደመጣ አጎት ከሰማስ?»

ብልቃጡን መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ሲዘጋ ሰማው።

አሥራ ዘጠኝ ቀን ፈጀ።

አጎት ከባለ ባርኔጣው ጋር እዚያው አግዳሚ ላይ ተያዘ። መሥሪያ ቤቱ ዳነ። መጋረጃን ጠርተው አመሰገኑት። አዲስ መታወቂያ፣ አዲስ ስም፣ አዲስ ከተማ ሰጡት። እሱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

«ፎቶውን ሲያሳዩአቸው ምን አሉ?»

ኃላፊዋ መዝገቡን ገለጠች። «ብዙ ጊዜ ወስዳ አየችው። "ጥላው ደህና ተሠርቷል" አለች። ማን ሊሠራው ይችላል ተብላ ተጠየቀች። በየቀኑ ነው የተጠየቀችው። "አላውቅም" አለች።»

አውቀዋል። የመጀመሪያው ቀን ላይ አውቀዋል። ልጃቸውን አሳልፈው አልሰጡም። መጋረጃ በሩን ይዞ ቆመ።

«ዓይናቸውስ?»

«ቀኙ ደህና ነው» አለች ኃላፊዋ።

ወደዚያ ሰፈር መመለስ ክልክል ነው። ከመሄዱ በፊት ግን አንድ ቀን ሄደ። ኮፍያውን ዝቅ አድርጎ ከመንገዱ ማዶ ፌርማታው ላይ ቆመ። ፎቶ ቤቱ ተከፍቷል። እትዬ ከኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጠዋል፤ በአንድ ዓይን ለማየት አፍንጫቸው መስታወቱን ሊነካ ደርሷል። ግራ ዓይናቸው ላይ ነጭ ጨርቅ አለ።

መስኮቱ ላይ ያ ትልቅ ፎቶ ተሰቅሏል። አዲስ ታትሟል። ባል አለ። ልጅ አለ። ከኋላ ግድግዳ ብቻ ነው።

መጋረጃ እስከ አስፋልቱ ጠርዝ ጠጋ አለ። የባለሙያ ዓይኑ ስህተት ፈለገ፤ የቀረ ጠርዝ፣ ያልተመሳሰለ ብርሃን። የለም። ግራ ትከሻቸውን አየ። እዚያ ያሳረፉት ጥላ ቀርቶ ቢሆን ብሎ ተመኘ።

ጥላውን አልረሱም፤ እሱንም አንስተውታል።

መክደን መሰረዝ አይደለም ብለውት ነበር። የእሱ ሌየር ኮምፒዩተሩ ውስጥ ከሥር ተኝቶ ይሆን? ወይስ አጥፍተውታል? ከታተመ ፎቶ ላይ ይህ አይታወቅም። ለማወቅ ገብቶ መጠየቅ ነው። አሥር እርምጃ ቢሆን ነው። ሰዓቱን አየ፤ ስምንት ሊሆን ነው። እትዬ ብልቃጥ አነሱ። አንገታቸውን ወደ ኋላ ጣሉ። ጠብታው ጉንጫቸው ላይ ፈሰሰ። እንደገና ሞከሩ።

አልገባም።

አውቶቡስ መጣ። አንድ ሰው እየተጋፋ አለፈው።

«ይቅርታ ወንድሜ።»

«ምንም አይደል» አለና አውቶቡሱ ውስጥ ሰው መሀል ገባ።